የአሮጌ ትንንሽ ትራክተሮች ሃይድሮሊክ ፓምፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማረሻው አልነሳ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ፓምፕ መግዛትን ነው። ፓምፕ ውድ ዕቃ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። የጎደለ ዘይት፣ የተደፈነ ወንፊት፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ ያለቦታው የተተወ እጀታ፣ ሁሉም ደህናውን ፓምፕ የሞተ ያስመስሉታል። ከታች ያሉት ከባለትራክተሮች፣ ከሾፌሮችና ሙያውን ከሚጀምሩ መካኒኮች ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ቢነበቡ ይጠቅማሉ።

የትኞቹን ትራክተሮች ይመለከታል?

በዋናነት ሁለት ዓይነቶችን። አንደኛው የማሲ ፈርጉሰን ቤተሰብ ነው፦ 35፣ 135፣ 240። 135 በፈረንጆቹ 1964 መጨረሻ ላይ እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ትራክተር ነው። 240 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥም ለረጅም ዓመታት ተመርቷል፤ መለዋወጫው ዛሬም እንደልብ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ወገን ትንንሾቹ የጃፓን ትራክተሮች ናቸው፤ እንደ ኩቦታ ኤል እና ያንማር ያሉት።

ፓምፓቸው ይለያያል። የፈርጉሰኑ አራት ፒስተን ያለው ሲሆን ካምቢዮው ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው። የሚያዞረው የፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ከኋላ ለሚታሰሩ መሣሪያዎች የሚያወጣው ዘንግ) መስመር ነው። መቆጣጠሪያ ቫልቩ ያለው በመምጠጫው በኩል ነው። ስለዚህ ማንሻው ሥራ ሲፈታ ፓምፑ ይዞራል እንጂ ዘይት አይስብም።

የጃፓኖቹ ጊር ፓምፕ ነው። ሁለት የተናከሱ ጥርሶች ዘይቱን እየገፉ ያሳልፉታል። የሚታሰረው ከሞተሩ ጎን ሲሆን በሞተሩ ታይሚንግ ጥርስ ይዞራል። ዘይቱን ግን ከኋላ ከካምቢዮ ነው በረጅም ቱቦ የሚያመጣው። ብዙ ችግር የሚጀምረውም እዚያ ቱቦ ላይ ነው።

ማረሻው ጨርሶ አይነሳም። ፓምፑ ሞቷል ማለት ነው?

ገና ነው። መጀመሪያ ዘይቱን ይለኩ። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ማረሻውን የሚያነሱት ክንዶች መሬት ይውረዱ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ክንዶቹ ተነስተው ሳለ ከለኩ የተወሰነው ዘይት ሲሊንደር ውስጥ ስለሆነ የጎደለ ይመስላል፤ ከዚያ ላይ ሲጨምሩ ከልክ ያልፋል። 135 ላይ ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ የሚጋሩት ዘይት 30 ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ሊትር መጉደሉ ብዙ አይመስልም። ግን ዳገት ላይ ሲታረስ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፓምፑም አየር መሳብ ይጀምራል።

ቀጥሎ እጀታዎቹን ይዩ። ፈርጉሰን ላይ ከመቀመጫው በስተቀኝ ሁለት እጀታዎች አሉ። አንዱ የክንዶቹን ከፍታ ይወስናል። ሌላው ማረሻው አፈር ውስጥ ሲከብደው ራሱ ከፍ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። በመጀመሪያው ለማንሳት ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ አዲስ ሾፌር አንዱን ታች ትቶ ሌላውን ሲጎትት ይውላል። «ፓምፑ ተበላሽቷል» ተብሎ መካኒክ ከተጠራ በኋላ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ የተፈታ ችግር ብዙ ነው።

ሦስተኛው ፓምፑ ይዞራል ወይ የሚለው ነው። እንደ ፈርጉሰን ቲኢ20 እና ፎርድ 8ኤን ባሉት በጣም አሮጌዎች ላይ ፒቲኦው ካልገባ ሃይድሮሊክ የለም። ባለሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ባላቸው ደግሞ ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ብቻ ይቆማል፤ እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውም ፓምፑም ይቆማሉ። ፍሪሲዮኑ በትክክል ካልተስተካከለ ፓምፑ እየተንሸራተተ ሊዞር ይችላል። ቀላል ነገር ያነሳል፣ ከባድ ሲሆን እምቢ ይላል።

አራተኛው ዘይቱ ወደ ፓምፑ ሲሳብ የሚጣራበት ወንፊት ነው። እስከዚህ ድረስ አንድ ብርም አልወጣም።

ወንፊቱን ሳወጣ ምን ልፈልግ?

ዝም ብለው አጥበው አይመልሱት። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉትና በብርሃን ይዩት። ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ዘይቱ አርጅቷል። ጥቁርና የሚለጠጥ ቁራጭ ከሆነ ጎሚኒ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ያለ «ሲል» (ዘይት እንዳይሾልክ የሚዘጋ ጎማ) እየተበላ ነው። ማግኔት የሚስበው ብረት ከካምቢዮ ጥርስ ወይም ከኩሽኔታ ነው የሚመጣው። ማግኔት የማይስበው ግን የሚያብረቀርቅ ብናኝ ሲሆን ልብ ይበሉ፤ አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ነው። የጊር ፓምፕ አካል አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ቡሺንጉና ጎኑ እየተፋቀ ይሆናል።

ያን ብናኝ ካዩ ፓምፕ ብቻ ቀይሮ መሄድ አይበጅም። ዘይቱ ሁሉ ይፍሰስ፣ ካምቢዮው ታች ይጽዳ፣ ቱቦው ይታጠብ። አለበለዚያ አሮጌው ፓምፕ የተወው ፍርፋሪ አዲሱን ይበላዋል።

ወንፊቱ በናፍጣ ወይም በላምባ ይታጠባል። ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፋስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል። ክር በሚተው አሮጌ ጨርቅ አይጥረጉት።

ፓምፑ ይጮኻል። ድምፁ ምን ይነግረኛል?

ሦስት ዓይነት ጩኸት አለ። መለየት ከቻሉ ግማሹ ሥራ አልቋል።

አንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስለው ነው። ይህ ፓምፑ ዘይት ሲጠማው የሚያሰማው ነው። መምጠጫው ተደፍኗል፣ ዘይቱ በጣም ወፍራም ነው ወይም ቱቦው ውስጡ ተላጦ ተዘግቷል። አሮጌ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላጥ ይችላል፤ ሞተሩ ሲነሳ የተላጠው ይሳብና መንገዱን ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ቱቦውን ፈትቶ የሚያየው ሰው ምንም አያገኝም። ጥርጣሬ ካለ ቱቦውን መቀየር ይቀላል፤ ሲገዙም ለመምጠጫ የተሠራውን፣ ውስጡ ሽቦ ያለውን ይምረጡ። ተራ ቱቦ ሲሳብ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ያልተስተካከለ የጉርምርምታ ድምፅ ነው፤ ክንዶቹም እየተንቀጠቀጡ ይነሳሉ። ይህ አየር ነው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ዘይት ላያፈስ ይችላል፤ ምክንያቱም በመምጠጫው በኩል ያለው ኃይል ወደ ውስጥ የሚስብ እንጂ ወደ ውጭ የሚገፋ አይደለም። ቀዳዳውን ለማግኘት ሞተሩን በዝግታ አስነስተው በየመጋጠሚያው ላይ ግሪስ ይቀቡ፤ ከሚዞር ነገር እጅና ልብስ ይራቅ። ግሪሱ ያረፈበት ላይ ድምፁ ከተቀየረ ቦታውን አገኙት። የቱቦ ማሰሪያውን ማጥበቅ ወይም አንድ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) መቀየር ሊበቃ ይችላል።

ሦስተኛው የሚሰነጥቅ ቀጭን ፉጨት ነው። ክንዶቹ ጫፍ ከደረሱ በኋላ ወይም ከአቅም በላይ ሲጫን ይሰማል። ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚከፈተው ሪሊፍ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን እየመለሰ ነው። ይህ ሥራው ነው፤ ብልሽት አይደለም። እጀታውን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉ ካቆመ ምንም የለም። ሲጮህ ትቶ መሄድ ግን ዘይቱን ያግለዋል።

ለደጋ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ፓምፕ ዘይት «ይስባል» እንላለን እንጂ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ላይ ያ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ የአርሲና የባሌ ጠዋት ቅዝቃዜ ዘይቱን ያወፍረዋል። ቆላ ላይ ችላ ሊባል የሚችል ግማሽ የተደፈነ ወንፊት ደጋ ላይ ፓምፑን ያስጮኸዋል። ጠዋት ሞተሩን አስነስተው አምስት አሥር ደቂቃ በዝግታ ያሙቁት። ጋዝ እየሰጡ ወዲያው ማንሳት ቀስ በቀስ ፓምፕ ይገድላል።

ጠዋት ደህና ያነሳል፣ ሲሞቅ ይደክማል። ለምን?

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ቀጭን ዘይት ባለቀ ፓምፕ ክፍተት ሾልኮ ይመለሳል። ይህ የማለቅ ትክክለኛ ምልክት ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከመጀመሪያውም የቀጠነ ከሆነ፣ ወይም የሲሊንደሩ ጎሚኒ ካለቀ ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ጠዋት እምቢ ብሎ ሲሞቅ ከሠራ፣ ወደ ወንፊቱና ወደ ዘይቱ ውፍረት ይመለሱ።

ያነሳል፤ ሞተሩን ሳጠፋ ግን ወዲያው ይወርዳል።

ይህ ፓምፕ አይደለም። ፓምፕ ሥራው ማንሳት ነው። የተነሳውን ይዞ የሚያቆየው ቫልቩና የሲሊንደሩ ጎሚኒ ነው። ሞተሩ እየሠራ ክንዶቹ በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ወርደው ትንሽ ሲነሱ ካዩም ታሪኩ አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ ይሾልካል፣ ፓምፑ ደግሞ ይተካል። በዚህ ምልክት ፓምፕ እንዲገዙ የሚነግርዎትን ሰው አይስሙ።

ዘይቱ ወተት መስሏል።

አየር ነው ወይስ ውኃ? በጠራ ብርጭቆ ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ይተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ከታች ከጠራ አየር ነው። በማግሥቱም እንደነጣ ከቆየ፣ ወይም ታች ውኃ ከቀረ፣ ውኃ ነው። ክረምቱን ውጭ የቆመ ትራክተር ላይ ውኃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በተቀደደ የማርሽ እጀታ ጎማ ወይም በመለኪያው ቀዳዳ ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ይደፋል። እያጠለሉ መልሶ መጠቀም ኩሽኔታውን ያስዝጋል።

የትኛውን ዘይት ልጠቀም?

ማንዋሉ ካለዎት እሱ የሚለውን። ከሌለዎት ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ለሚጋሩ ትራክተሮች የሚሸጠው የትራክተር ሁለገብ ዘይት ነው ትክክለኛው። ጥርሱንም ፓምፑንም እንዲያገለግል ሆኖ የተሠራ ነው። ፍሬናቸው ዘይት ውስጥ ለሆነ ትራክተሮች ምርጫው ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ያልሆነ ዘይት ሲገባ ፍሬኑ ይጮኻል ወይም ይንሸራተታል። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ ለፓምፑ በጣም ወፍራም ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ጠብታም አይግባ፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት «ለሃይድሮሊክ ይበቃል» የሚል ልማድ አለ። እባክዎ አያድርጉት። ውስጡ ያለው ጥላሸትና የብረት ብናኝ ለፓምፕ አሸዋ ነው።

በየስንት ጊዜ ልቀይር?

ለትንንሾቹ የጃፓን ትራክተሮች በአብዛኛው ፊልትሮው ከ200 እስከ 300 ሰዓት፣ ዘይቱ ከ300 እስከ 600 ሰዓት ነው። የአሮጌ ትራክተር ሰዓት ቆጣሪ ግን ብዙ ጊዜ ቆሟል። ከቆመ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እርሻው ካለቀ በኋላ ያድርጉት። አዲስ ፓምፕ ከገባ የመጀመሪያው ፊልትሮ ከ50 ሰዓት በኋላ ይቀየር።

የሞተር ዘይቴ ሳልጨምር ከፍ አለ። ከፓምፑ ጋር ግንኙነት አለው?

ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በታሰረባቸው ትራክተሮች። የፓምፑ ዘንግ ሲል ሲያልቅ የሃይድሮሊኩ ዘይት ወደ ሞተሩ ይገባል። የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል፣ የሞተሩ ይጨምራል፣ መሬት ላይ አንድም ጠብታ አይታይም። የናፍጣ ፓምፕ ሲያፈስም የሞተር ዘይት ከፍ ይላል። ለመለየት ያሽትቱት። ናፍጣ ከሸተተ ወደዚያ ይሂዱ። ካልሸተተና የኋላው ዘይት ከጎደለ የፓምፑ ሲል ነው። እስኪስተካከል አይሥሩበት፤ የቀጠነና ከልክ ያለፈ ዘይት ሞተር ያበላሻል።

ፓምፑ ማለቁን እንዴት በእርግጠኝነት ላውቅ እችላለሁ?

በጌጅ። እስከ 5,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚለካ የሃይድሮሊክ ጌጅ በውጭ ሃይድሮሊክ መውጫው ላይ ይታሰራል። ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ፣ ማንሻው ሪሊፍ ቫልቩ እስኪከፈት ይጫናል። ቁጥሩ ለአፍታ ይነበባል፣ ይለቀቃል። አሮጌ ትንንሽ ትራክተሮች እንደየሞዴላቸው ከ1,800 እስከ 3,000 ፒኤስአይ መካከል ነው የሚሠሩት፤ የእርስዎ ስንት እንደሆነ ማንዋሉ ላይ አለ።

ጌጅ ከሌለ ሁለት ነገር ይለዩ። ከባዱንም ያነሳል፣ ግን በጣም ዝግ ብሎ ከሆነ የጎደለው የዘይት መጠን ነው፤ ወንፊት፣ አየር ወይም ያለቀ ፓምፕ። ባዶ ክንዶቹን ፈጥኖ ያነሳል፣ ማረሻ ሲታሰር ግን እምቢ ካለ የጎደለው ግፊት ነው። ያኔ ከፓምፑ በፊት ሪሊፍ ቫልቩን ይፈትሹ። ስፕሪንጉ ደክሞ ወይም አንዲት ፍርፋሪ መቀመጫው ላይ ተቀርቅራ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብለው ግን የሪሊፍ ቫልቩን ስፕሪንግ በሺም (በቀጭን የብረት ማስገቢያ) አያስጨንቁት። ከልክ ያለፈ ግፊት የሊፍቱን ክዳን እስከመሰንጠቅ ይደርሳል።

ይጠገን ወይስ አዲስ ልግዛ?

ጊር ፓምፕ ከሆነ ይፍቱትና ጥርሶቹ የሚዞሩበትን የአካሉን ግድግዳ ይዩ፤ በተለይ በመምጠጫው በኩል። ግፊቱ ጥርሶቹን ወደዚያ ስለሚገፋቸው መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ነው። ጥፍርዎን በግድግዳው ላይ ይጎትቱ። ጥፍር የማይዝ ጭረት ከሆነ ሲልና ኦሪንግ ቀይሮ መመለስ ይቻላል። ጥፍር ከያዘ የሲል ኪት አያድነውም። ኪት ወደ ውጭ የሚያፈስን ያቆማል እንጂ የተፋቀ ብረት አይመልስም።

የፈርጉሰኑ ጥገና አቅም አለው፤ ፒስተኑ፣ ቫልቩና ሲሉ ለየብቻ ይገኛሉ። ችግሩ ማውጣቱ ነው። የሊፍቱ ክዳን ይነሳል፣ የፒቲኦው ዘንግ ወደ ኋላ ይሳባል፣ በግራና ቀኝ ፓምፑን የያዙት ሁለት ፒኖች ይወጣሉ፤ ከዚያ ፓምፑ በላይ በኩል ይወጣል። ክዳኑ በጣም ከባድ ነው። ያለ ጫይን ብሎክ ሁለት ሰው ተጋግዞ ሊያነሳው ሲሞክር ጣት ይቀራል።

ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። መልኩ መመሳሰሉ አይበቃም። የዘንጉ ጥርስ ብዛት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ በአንድ ዙር የሚገፋው የዘይት መጠን (ሲሲ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚዞርበት አቅጣጫ መግጠም አለበት። ወደ ቀኝ የሚዞረው ወደ ግራ ሲዞር የዘንጉን ሲል ወዲያው ያወጣዋል።

ሲገጥሙ ፓምፑንም መምጠጫ ቱቦውንም በዘይት ይሙሉ። ደረቅ ፓምፕ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱን ሊፍቅ ይችላል። ክሩ ላይ ቴፍሎን አይጠምጥሙ፤ ቁራጩ ተቀዶ ቫልቭ ውስጥ ይገባል። ሞተሩን በዝግታ ያስነሱ፣ ክንዶቹን ባዶ ደጋግመው ያንሱና ያውርዱ። ከዚያ ዘይቱን እንደገና ይለኩ።

የሚያፈስበትን ቦታ በእጄ ብፈልግስ?

በፍጹም። በግፊት የሚወጣ ቀጭን የዘይት ጨረር ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፤ መጀመሪያ ላይም ብዙ አያምም። ዘይቱ ግን ከቆዳ ሥር ሥጋውን ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ካርቶን ወይም እንጨት ይጠቀሙ። ከተወጉ በዚያው ቀን ሳይሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ «በግፊት የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል» ብለው ለሐኪሙ በግልጽ ይናገሩ።

በሃይድሮሊክ ብቻ በተንጠለጠለ ማረሻ ሥርም ማንም አይግባ። ያውርዱት፤ ካልሆነ በጠንካራ ግንድ ይደግፉት። ቱቦ ከመፍታትዎ በፊትም ሞተሩን አጥፍተው፣ ክንዶቹን አውርደው፣ እጀታውን ጥቂት ጊዜ ያንቀሳቅሱ፤ ውስጥ የቀረው ግፊት እንዲወጣ።

ያገለገለ ትራክተር ልገዛ ነው። ፓምፑን እንዴት ልሞክረው?

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት እስኪቀዘቅዝ ይቆዩ። ወንፊቱ የተደፈነ ፓምፕ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው የሚናገረው። ከዚያ ማረሻ ያስሩበት፤ ባዶ ክንድ ሲነሳ ማየት ምንም አያረጋግጥም። በዝግታ ጋዝ ያንሱት። ፓምፑ ደህና ከሆነ ለማንሳት ብዙ ጋዝ አይፈልግም። አንስተው ሞተሩን ያጥፉና በክንዱ ትክክል ግድግዳ ላይ ወይም እንጨት ላይ ምልክት ያድርጉ። ግማሽ ሰዓት ያህል አካባቢውን ዞር ዞር ይበሉ፤ ጎማውን፣ ራዲያተሩን ይዩ። ተመልሰው ምን ያህል እንደወረደ ይለኩ። በመጨረሻ ትራክተሩን አንድ ሁለት ሰዓት አሳርሰው ማንሳቱን ይድገሙ። ሲሞቅ የደከመ ከሆነ የፓምፑንና የጥገናውን ዋጋ ከመሸጫው ላይ ያስቀንሱ።